የሁለትና የአራት ተራ

ቧንቧ ውኃ ሊመጣበት ሲል መጀመሪያ ያስላል። ደርቆ ከሰነበተው ብረት ውስጥ አየሩ እየተገፋ ይወጣና ኩህ፣ ኩህ ይላል፣ ቀጥሎ ዝገት የቀላቀለ ውኃ ይተፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠራው። አሁን በምኖርበት ፎቅም ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ማለዳ ያን ሳል በሰማሁ ቁጥር የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ጉርድ ሾላ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ እቆማለሁ፤ ወዲያውም አንዲት ሴት ትዝ ትለኝና ጥርሴን እነክሳለሁ።

በላይነሽ ትባል ነበር። በእድሜ እናቴን ትበልጥ ስለነበር ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፣ ጓድም እላት ነበር፤ በሆዴ ግን አንድም ቀን አንቱ ብያት አላውቅም፣ አሁንም አልልም።

አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከዋናው ቤታችን ኋላ ሦስት ክፍል ሠርቶ ያከራይ ነበርና ትርፍ ቤት ሲወረስ ሦስቱም ክፍሎች ለቀበሌ ሆኑ። በአንደኛው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር የነበረችው ጓድ በላይነሽ ብቻዋን ገባች። ሁለተኛው ለእማማ ጫልቱ ተሰጠ፤ እማማ ጫልቱ ወደ ሳሊተ ምሕረት ያለው ሜዳ ሁሉ የገብስ ማሳ በነበረበት ጊዜ ቤተሰባቸው እዚያው ያርስ የነበረ፣ አማርኛቸውን ከኦሮምኛ እያዋዙ የሚያወሩ፣ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት ነበሩ። በሦስተኛው ግርማ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ከሚስቱና ከሁለት ጎረምሳ ልጆቹ ጋር ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ከእኛ ጋር አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት።

ውኃው አንድ ቀን ለእኛ ሰፈር፣ አንድ ቀን ከአስፋልቱ ማዶ ላሉት ይለቀቅ ነበር። የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ጓድ በላይነሽ ግቢውን ሰበሰበችና ሽንት ቤቱ በየቀኑ በአስር ባልዲ ውኃ እንደሚታጠብ፣ በቀን አንድ ቤተሰብ ተረኛ እንደሚሆንና ተራው በአራት ቀን እንደሚዞር ነገረችን። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኛ፣ ቀጥሎ እማማ ጫልቱ፣ መጨረሻ ግርማ። ተራዋን ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀመረች። ውኃ ባለበት ቀን የደረሰው ሰው ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክቶ በሩብ ሰዓት ይጨርስ ነበር። ውኃ በሌለበት ቀን የደረሰው ግን በርሜሉ ውስጥ ያጠራቀማት ለወጥና ለልብስ እንኳ ስለማትበቃው ከባሕር ዛፎቹ ሥር ባለው ቁልቁለት ወርዶ ከምንጩ መቅዳት ነበረበት፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ባልዲ፣ አምስት ምልልስ።

እናቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሆዷም ገፍቶ ነበር። የመጀመሪያው ተራችን ውኃ በሌለበት ቀን ሲውል «ዛሬ አልቀናንም» ብላ ባልዲዎቹን አነሳች። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። በአምስተኛው ነጠላዋን አስተካክላ የጓድ በላይነሽን በር አንኳኳች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

«ጓድ፣ የእኛ ተራ ሁልጊዜ ውኃ በሌለበት ቀን ሆነ እኮ» አለቻት።

«እኩል አይደል የተከፋፈልነው? አንቺ አንድ ቀን፣ እኔ አንድ ቀን። የውኃው ነገር ዕድል ነው። ትንሽ ታገሺ፣ ይዞራል» አለች ጓድ በላይነሽ፣ ጸጉሯን እያበጠረች።

እናቴ አምና ተመለሰች። ማታ ለአባቴ ስትነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተዪ በእግዚአብሔር፣ ሌላ ነገር እንዳታመጪብን» ብቻ አላት። ትርፍ ቤት የነበረው ሰው በዚያ ዘመን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚኖረው፣ ሊቀመንበሯ አንዲት ቃል ብትተነፍስ የት እንደሚወስዱት አይታወቅም ነበርና አሁን አልፈርድበትም። ያኔ ግን እፈርድበት ነበር።

ሐምሌ ላይ ያ ቁልቁለት ሳሙና የተቀባ ይመስል ነበር። በአንዱ ተራችን እናቴ ሁለቱን ባልዲ ሞልታ ከፊት፣ እኔ ትንሿን ጀሪካን ይዤ ከኋላ ስንወጣ እግሯ ከዳትና በጎኗ ወደቀች፤ ባልዲዎቹ እየተንኳኩ ወረዱ፣ እሷም አንድ ባሕር ዛፍ እስኪይዛት ድረስ ተንከባለለች። ተነስታ ጭቃዋን አራግፋ «ምንም አልሆንኩም፣ አታልቅሺ» ብላኝ ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ገባች። ልጁ አልተረፈም፤ ሴት ነበረች አሉን።

እናቴ ከሆስፒታል ወጥታ በተኛች በማግሥቱ ተራችን ደረሰ። ጓድ በላይነሽ ጃንጥላዋን ይዛ ደጃችን መጣች፣ እናቴን ከበሩ ላይ ሆና «አይዞሽ፣ ልጅ ይተካል» አለቻት፣ ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ «ተራ ግን ተራ ነው፣ ሽንት ቤቱ ሳይታጠብ እንዳይውል» ብላ ሄደች። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ባልዲዎቹን አነሳ። ከኋላው እየሄድኩ ስንት ጊዜ እንደተንሸራተተ ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ። የዚያን ቀን ይህችን ሴት ሳልበቀል እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር፤ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሊቀመንበርን ምን ታደርጋለች?

በጋው ገባ፣ መንገዱ ደረቀ፣ ተራው ግን አልዞረም። እናቴ ቀለም የሌለው ፊቷን በሻሽ ሸፍና ትወርድ፣ ትወጣ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመጣ አግዛት ነበር። ጓድ በላይነሽ የእጅ ጽሑፌ እንደሚያምር ሰምታ ኖሮ በየወሩ የተራውን ወረቀት እያስገለበጠችኝ ሽንት ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ጀምራ ነበር። እናቴን የሚገድላትን ወረቀት በራሴ እጅ፣ በደማቅ ቀለም፣ መስመር እያሰመርኩ እጽፈው ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር አስፋው ትንሹን የጋራ ብዜት አስተማሩን። ቀጭን፣ ጠመኔ በልብሳቸው ላይ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የአንዱን ቁጥር ብዜቶች ከላይ፣ የሌላውን ከታች እየደረደሩ ሁለቱ ረድፎች መጀመሪያ የሚገናኙበትን ቁጥር ያከብቡት ነበር። «እዚህ ከተገናኙ በኋላ አዲስ ነገር አትጠብቁ። ያው የመጀመሪያው እንደገና ይደገማል» አሉን። ከዚያ «የሁለትና የአምስት?» ሲሉ «አስር!» አልን፣ «የሁለትና የአራት?» ሲሉ «አራት!» ብሎ ክፍሉ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። ሁለት የውኃው ነበር፣ አራት የተራው ነበር። ሁለቱ አብረው ወደጀመሩበት የሚመለሱት በአራት ቀን ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውኃ ያላገኘ ቤት መቼም አያገኝም ማለት ነው።

ቤት ገብቼ የደብተሬን የኋላ ገጽ ገለጥኩና ውኃው የሚመጣበትን ጻፍኩ፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ከሥሩ የእኛን ጻፍኩ፤ ሁለት፣ ስድስት፣ አስር፣ አስራ አራት። እስከ መቶ ወረድኩ። ከመቶ በኋላ ይገናኙ ይሆናል ብዬ ሳይሆን ንዴቴ እጄን አላስቆም ብሎኝ ነው። ዕድል የሚባል ነገር አልነበረም። እናቴ ያን ቁልቁለት የወረደችው መቼም ሊዞር የማይችል ነገር ይዞራል ተብላ ነበር፣ እህቴም የሞተችው በዚያው ነው።

ይህንን ሁሉም እንዲያውቅልኝ ስለምፈልግ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በዚያው ገጽ ግርጌ መፍትሔውንም አግኝቼው ነበር። አራታችን ካጠብን በኋላ አምስተኛው ቀን ቢታረፍ ዙሩ አምስት ይሆናል፤ የሁለትና የአምስት ደግሞ አስር ነው፤ በየአስሩ ቀን እያንዳንዱ ቤት አንዴ ውኃ ባለበት፣ አንዴ ውኃ በሌለበት ቀን ይደርሰዋል። በሦስት መስመር የሚያልቅ ሒሳብ ነበር። ደብተሩን ዘጋሁት። እኔ እኩልነት አልነበረም ያማረኝ። እሷ ስትወርድ ማየት ነበር ያማረኝ።

ለዚያ የሚያስፈልገኝ አንድ ቀን ብቻ ነበር። ተራው አንዲት ቀን ቆሞ በማግሥቱ ካቆመበት ቢቀጥል፣ ውኃው በዓል ስለማያውቅ በራሱ ቀን ይመጣል፣ እኛ ውኃ ወዳለበት፣ እሷ ወደ ደረቁ እንዞራለን፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሁለትና የአራት ነገር ነውና እዚያው ትቀራለች። ችግሩ ጓድ በላይነሽ ለምንም ነገር ሥራ አታስቆምም ነበር። ለመስቀልም፣ ለገናም፣ ለጥምቀትም ታጥቧል። የአብዮት በዓል ዕለትማ ግቢው ማማር አለበት ብላ ሁለት ጊዜ አሳጥባለች።

ሌላም ነገር አይቼ ነበር። እሷ ወደ ደረቁ ስትዞር እማማ ጫልቱም አብረዋት ይዞራሉ። እሳቸው በቧንቧቸው ቀን ሳያውቁት ሲጠቀሙ የኖሩ፣ እናቴ ከሆስፒታል ስትመለስ እግሯን በቅቤ ያሹላት አሮጊት ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ስማቸውን እያየሁ ትንሽ ቆየሁና ለእሳቸው እኔ እቀዳላቸዋለሁ አልኩ።

መጋቢት ላይ እናቴ እንደገና ማርገዟን ሰማሁ። ወራቱን በጣቴ ስቆጥር ሐምሌንና ነሐሴን ከነሆዷ ልታሳልፋቸው ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍም አልነበረኝም።

የሚያዝያን ወረቀት ስገለብጥ ሃያ ሦስት ቀን ላይ የጓድ በላይነሽ ስም ወደቀ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሮች ቀን ነው። ጽፌ ጨረስኩ። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው እሑድ ጠዋት የግቢው ስብሰባ ተጠራ፤ የግርማ ሚስት በርጩማ ይዛ መጣች፣ እማማ ጫልቱ ግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ፣ አባቴ እንደ ልማዱ ጥግ ያዘ። ስለ ሰልፉ ሁሉ ከተነገረ በኋላ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የላብ አደሮች ቀን ላብ አደሩ የሚያርፍበት ነው ብለው አስተምረውናል። ታዲያ በዚያ ቀን ሽንት ቤት ይታጠባል?»

አባቴ ደንግጦ ቀና አለ። ጓድ በላይነሽ ግን ፊቷ በራ። «አያችሁ? ሕፃን ልጅ እንኳ ነቅታለች!» አለች ለሁሉም። «አይታጠብም! በዚያ ቀን ሁላችንም ሰልፍ ነን።»

«የዚያ ቀን ተረኛ ደግሞ እርስዎ ነዎት» አልኳት፣ እርሳሴን ከወረቀቱ ላይ ሳላነሳ። «እንግዲህ ተራዎ ይለፍዎት ብዬ ልጻፍ፣ ወይስ ወደ ማግሥቱ ይሻገራል ብዬ?»

የግርማ ሚስት አየቻት። ሁሉም አያት።

«ምን ማለትሽ ነው! እኔ ከሥራ የምሸሽ ሰው ነኝ? ይሻገራል ብለሽ ጻፊ!»

ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጽሑፍ የጻፍኩ አይመስለኝም።

ሚያዝያ ሃያ አራት ውኃ አልነበረም። ጓድ በላይነሽ ባልዲዎቿን ይዛ ወረደች፣ ላብ በላብ ሆና ወጣች፣ «አንድ ቀን አይደለች!» እያለች ስትስቅ ሰማኋት። በማግሥቱ እናቴ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰካች። ውኃው ሲንፎለፎል እጇን ከታቹ ይዛ ቆማ «ተመስገን፣ ዞረልን» አለች። ምንም አልነገርኳትም፤ ብነግራት እንደማትወደው አውቅ ነበር።

ግንቦት እንደዚሁ አለፈ። ጓድ በላይነሽ በየአራት ቀኑ ትወርድ ነበር፣ እኔም ለእማማ ጫልቱ በየአራት ቀኑ እወርድ ነበር፤ እሳቸውም «ያ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እድሜ ይስጥሽ» እያሉ ግንባሬን ይስሙኝ ነበር። የእሷ ተራ በደረሰ ቀን ግን ከትምህርት ቤት ሮጬ መጥቼ መስኮቱ ላይ እቀመጥ ነበር። ሰኔ ላይ ጭቃው ሲጀምር የማየው ነገር ይበልጥ አማረኝ። ሰውነቷ ከባድ ነበር፣ ጉልበቷን ያማት ነበር፣ አስር ባልዲውን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር። ተራውን ላስተካክል ብትል ደግሞ ዓመት ሙሉ እኩል ነው፣ ዕድል ነው ስትል የኖረችውን በሁሉም ፊት መዋጥ ነበረባት። በእናቴ ላይ ያደረገችውንም ማመን ነበረባት። እኔ የገባችበትን አጥር ከሁሉም አቅጣጫ አይቼዋለሁ፤ መውጫ አልነበረውም፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ወደቀች። ምንም ያህል አልነበረም፣ በቂጧ ቁጭ አለችና አንዱ ባልዲ ተደፋ፤ ጭቃ እንደተሸከመች ግቢው ስትደርስ መስኮቱ ላይ አየችኝ። «ልጄ» አለችኝ፣ እያለከለከች፣ «አንቺ ነሽ የምትጽፊው። ይኼ ነገር ለእኔ መቼ ነው የሚዞረው?»

«ዕድል ነው ጓድ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ይዞራል» አልኳት።

ስንት ወር ስለማመደው የኖርኩት ቃል ነበር። ከአፌ ሲወጣ እንደ ስኳር ጣፈጠኝ። እሷ ግን ነገሩን ከየት እንዳመጣሁት እንኳ ያስታወሰች አልመሰለኝም፤ ራሷን ነቅንቃ «ይሁን» ብላ ገባች።

ከሁለት ቀን በኋላ የእማማ ጫልቱ ተራ ነበር። ልቀዳላቸው ደጃቸው ስሄድ ባልዲዎቻቸው የሉም። አሮጊቷ ወርደው እንዳይሆን ብዬ ወደ ቁልቁለቱ ሮጥኩ። ከታች የምትመጣው ጓድ በላይነሽ ነበረች። የእማማ ጫልቱን ሁለት ባልዲ ይዛ፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች፣ ዛፍ በደረሰች ቁጥር እየተደገፈች ትወጣ ነበር።

«አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ፣ እሳቸው ደግሞ በዚህ እድሜያቸው በዚህ ጭቃ መውረድ የለባቸውም። ከትናንት ወዲያ ስወድቅ ነው የታየኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ እቀዳላቸዋለሁ» አለችኝ።

ዓይኔ ጨለመብኝ። ደግ መሆን ትችል ነበር ማለት ነው። ለእናቴ ያልታጠፈ ወገቧ ለሌላ ሰው ይታጠፍ ነበር።

«እናቴስ?» አልኳት። «እናቴ በሆዷ ልጅ ይዛ እዚህ ስትወድቅስ?»

ባልዲዎቹን አስቀመጠች። ዝናቡ መጣል ጀምሮ ነበር።

«ይዞራል ብዬ ነበር እኮ» አለች። «ተራ አይደል? የማይዞር ተራ አለ እንዴ?»

ዓይኗን አየሁት። እያታለለችኝ አልነበረም። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት፣ በቅርቡ ነበር፤ ለዚያ ነው ወረቀቱን እኔን ታስገለብጠኝ የነበረው። ተንኮል ነው ብዬ ዓመት ሙሉ የጠላሁት ነገር ሁለትና አራት ምን እንደሚያደርጉ አለማወቅ ነበር። አለማወቁ ግን እናቴ አልጋ ላይ ሳለች ደጃችን መጥታ የተናገረችውን አያነሳላትም፤ እሱን ሒሳብ አላናገራትም። ያም ሆኖ እሷ ሳታውቅ ያደረገችውን እኔ አውቄ፣ መስመር አስምሬ ነበር ያደረግሁት።

ባልዲዎቹን ልቀበላት እችል ነበር። ደብተሬን አምጥቼ ያቺን አምስተኛ ቀን ላሳያትም እችል ነበር። ሁለቱንም አላደረግሁም። መንገዱን ለቅቄላት አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷንና የእማማ ጫልቱን ተራ ደርባ ውኃ በሌለበት ቀን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ክረምቱን ሙሉ ወርዳ ወጣች። እኔም ክረምቱን ሙሉ አየኋት። ደስታው ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ፤ እኔ ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም።

መስከረም ላይ ወንድሜ በሰላም ተወለደ። ጓድ በላይነሽ ጉልበቷ አብጦ መራመድ ሲያቅታት እህቷ ዘንድ ሄደች። ክፍሏን ቀበሌው በቆርቆሮ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ቤተሰብ ሰጠውና ግቢው አምስት ቤት ሆነ፤ ማንም ሳያስብበት፣ ማንም ብዕር ሳያነሳ፣ ተራው አምስት ስለሆነ ብቻ ለሁሉም እኩል መዞር ጀመረ። የግርማ ሚስት «ዘንድሮስ ዕድላችን ተስተካከለ» ስትል ሰምቼ ወደ ቤት ገባሁ።

እናቴ በሕይወት ሳለች ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በላይነሽን በምርኩዝ ስታዘግም እያገኘቻት ጉንጯን ትስማት ነበር። አንድ ጊዜ አብሬያት ነበርኩ፤ እኔ ራሴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ሰላም አልኳት። አሮጊቷ አላወቀችኝም፣ እናቴም ማን እንደሆንኩ ልትነግራት ስትል እጇን ጎተትኳት። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ወንድሜ ልጆች ወልዷል፤ ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ለምን እንደምበሳጭ አያውቅም፣ አልነገርኩትም። ያኔ ልጅ ሳለሁ የእህቴ ሞት የማን ጥፋት እንደሆነ በእርግጠኝነት አውቅ ነበር። አሁን እንደዚያ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ንዴቱ ግን ያው ነው፣ ምንም አልቀነሰም።